የሰው ቤት፣ የሰው ቋንቋ

 

የዛሬው ማስታወሻችን ስለ እንግድነት ነው። በተለይ ለትምህርት ከሀገር ለመውጣት ለምታስቡ ነው፤ ሰንበቴ ለምትቀሩትም ግን ድርሻ አለው።

እስቲ ወንድሜ፣ እንዲህ ብለህ አስብ። ስፓንኛህን ለማሻሻል ወደ ስፔን የመሄድ ዕድል አገኘህ። የምታርፈው ከአንድ ቤተሰብ ጋር ነው። ክፍል ይሰጡሃል፣ ከገበታቸው ትበላለህ፣ ከጠዋት እስከ ማታ በቋንቋቸው ታወራለህ። አንተ በደስታ እንቅልፍ አጥተሃል፤ እናትህም በስጋት እንቅልፍ አጥታለች። «ቋንቋውንስ ይዞ ይመለሳል፤ ዲኑንስ ይዞ ይመለስልኝ ይሆን?» ትላለች።

የእናትህን ስጋት አትናቀው። ከፍቅር የመጣ ነው፤ ከእውነትም የራቀ አይደለም። ዛሬ የምንነጋገረው ይህን ጥያቄ ይዘህ እንዴት እንደምትሄድ ነው።

መጀመሪያ፣ ቋንቋ መማር በዲናችን የሚያሳፍር ነገር አይደለም። አላህ በሱረቱ ሩም የቋንቋዎቻችንን መለያየት ከሰማያትና ከምድር አፈጣጠር ጋር አብሮ ከምልክቶቹ ቆጥሮታል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ገና ወጣት የነበረውን ዘይድ ኢብኑ ሳቢትን (ረ.ዐ) የአይሁዶችን ጽሕፈት እንዲማር አዘውታል፤ በግማሽ ወር ውስጥ ተምሮ ደብዳቤያቸውን ያነብላቸው፣ መልስም ይጽፍላቸው ጀመር። ሱብሓነላህ! አንድ ወጣት ቋንቋ በመማሩ ለኡማው ጠቀመ።

ደግሞስ የሰንበቴ ልጅ ለቋንቋ መቼ እንግዳ ሆኖ ያውቃል? እሁድ ገበያ ስትወጣ ኦሮሞው፣ አርጎባው፣ አማራውና አፋሩ እዚያው ናቸው። ግመልና ፍየል የነዳው ሰው ከእህል ነጋዴው ጋር ሲስማማ አይተህ አድገሃል። በቤትህ አፋን ኦሮሞ፣ በትምህርት ቤት አማርኛ፣ በመድረሳ ዐረብኛ። ገበያው መጽሐፍ ሳይገዛልህ አስተምሮሃል። ከሰው ጋር መኖር የቋንቋ ዋናው አስተማሪ ነው።

በሰው ቤት አርፎ መማርም ቢሆን ከፈረንጅ የመጣ አዲስ ነገር አይደለም። የወሎን ደረሶች አስታውስ። ልጁ ገና በአፍላ ዕድሜው ከእናቱ ቤት ይወጣል፤ ነሕው ለመቅራት አንዱ ሼኽ ዘንድ፣ ፊቅህ ለመቅራት ሌላው ሼኽ ዘንድ በእግሩ ይጓዛል። እዚሁ አጠገባችን፣ ሼኽ ጀውሃር ያስቀሩበት ሾንኬ ደረሳ የሚመጣበት ተራራ ነበር። ደረሳው ዘመድ በሌለበት መንደር ያድራል፤ የመንደሩ ሰው ከድስቱ ያካፍለዋል። እሱም እንጨት ይለቅማል፣ ውሃ ይቀዳል፣ ዱዓ ያደርጋል። እንዲህ በሰው እንጀራ የተማረ ትውልድ ነው ዒልሙን ለእኛ ያደረሰው። በ1961 ዓ.ም. የታተመውን የአማርኛ የቁርኣን ትርጉም ያዘጋጁት ሐጂ ሰይድ ሙሐመድ ሳዲቅና ሐጂ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብም ዐረብኛውን ለራሳቸው ብቻ ይዘው አልቀሩም፤ ለማያውቀው አካፈሉት።

ከዚያም በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ615 ሶሓቦች ወደዚችው ሐበሻ እንግዳ ሆነው መጡ። ንጉሡ ክርስቲያን፣ ሕዝቡ ክርስቲያን፣ ቋንቋው የማይታወቅ። በነጃሺ ፊት ሲጠየቁ ጀዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) ምን አደረገ? የጋራ የሆነውን አስቀደመ፤ ከሱረቱ መርየም ቀራ። ስለ ዒሳ (ዐ.ሰ) ሲጠየቅ ደግሞ እውነቱን አልሸሸገም፤ የአላህ ባሪያና መልእክተኛ ነው አለ። አስተናጋጁን አልሰደበም፤ ለማስደሰትም ብሎ አልዋሸም።

ከነዚያ ስደተኞች ቤት አንዲት ሴት ልጅ እዚሁ ሐበሻ ተወለደች፤ ኡሙ ኻሊድ (ረ.ዐ) ነች። ወደ መዲና ከተመለሱ በኋላ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሚያምር ልብስ ራሳቸው አለበሷትና «ሰናህ» አሏት። በሐበሾች ቋንቋ «ያምራል» ማለት ነው። የግዕዙን «ሠናይ» አስታውሰህ ይሆናል። አየህ ወንድሜ? የፍጥረታት ሁሉ በላጭ የሆኑት ነቢይ አንዲትን ትንሽ ልጅ ለማስደሰት ከተወለደችበት ሀገር ቋንቋ አንድ ቃል ተናገሩ። ቋንቋ የምንማረው ለዚህም ነው፤ የሰው ልብ ውስጥ በመልካም ለመግባት።

እንግዲህ ስትሄድ ሦስት ነገር ያዝ።

አንደኛ፣ ማንነትህን ከመጀመሪያው ቀን ተናገር። ስፔን ውስጥ የአሳማ ሥጋ በየቤቱ የተለመደ ነው፤ ወይንም ከምግብ ጋር ይቀርባል። እናትየዋ አብስላ ካቀረበች በኋላ ሳህኑን መግፋት እሷንም አንተንም ያሳፍራል። ሳትደርስ በፊት «ይህንና ይህን አልበላም፣ አልጠጣም» በል። ስለ ሌላው ሥጋ የምታምነውን ዓሊም ጠይቀህ ሂድ። ዓሣ አለ፣ እንቁላል አለ፤ ምስራቸውም ከእኛ ምስር ወጥ ብዙ አይርቅም። አብዛኛው ሰው ቀድመህ በትሕትና ከነገርከው ያከብርሃል።

ሁለተኛ፣ ሶላትህን ከቤቱ ሰዓት ጋር አስታርቅ። እዚያ በበጋ ዙህር የሚገባው ከቀኑ ስምንት ሰዓት አልፎ፣ ምሳ በሚቀርብበት ጊዜ ነው። መግሪብ ወደ ማታ አራት ሰዓት ይጠጋል፤ እራትም ያን ጊዜ ነው። ካልተዘጋጀህ በይሉኝታ ብቻ ሁለቱም ያልፉሃል። «አሥር ደቂቃ ፍቀዱልኝ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር በስፓንኛ ቀድመህ ተማር። ከሁሉም በፊት የምትፈልገው እሱን ነው።

ሦስተኛ፣ ሸክም አትሁን። እንግዳ ባለቤቱን እስኪያስቸግር መቆየት እንደማይፈቀድለት ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረዋል። ሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ (ረ.ዐ) ሀብቱን ለሁለት ልክፈልልህ ሲለው ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) ባረከለትና ገበያው የት እንደሆነ ብቻ አሳየኝ አለው። ከፍለህ ብታድርም ሳህንህን አንሳ፣ ክፍልህን ጥረግ፣ ስትወጣ ስትገባ ሰላም በል። ያ ቤተሰብ ሙስሊም በቅርብ የሚያየው ለመጀመሪያ ጊዜ ሊሆን ይችላል።

እህቴ፣ ይህ ሁሉ ላንቺም ነው። የጉዞውና የአዳሩ ጉዳይ ግን የራሱ ፍርድ አለውና ከመወሰንሽ በፊት ዓሊም ጠይቂ፣ ቤተሰብሽንም አማክሪ።

እዚያ ስትደርስ ደግሞ ጆሮህን ክፈት። ሙስሊሞች በአንደሉስ ከ711 እስከ 1492 ገዝተዋል፤ አሻራቸው ከሰዎቹ አፍ አልጠፋም። ስኳርን «አሱካር»፣ ዘይትን «አሴይቴ»፣ ጥጥን «አልጎዶን» ይላሉ፤ ሁሉም ከዐረብኛ የመጡ ናቸው። አንድን ነገር ሲመኙ «ኦሃላ» ይላሉ፤ ውስጡ «አላህ ከሻ» የሚለው ቃል አለ። ብዙዎቹ ሳያውቁት የአላህን ስም ይጠራሉ።

ግን ቆይ ወንድሜ፣ በእነሱ ለመደነቅ አንቸኩል። እኛስ? አንድን ቋንቋ ለማሻሻል ባሕር እንሻገራለን፣ ገንዘብ እናወጣለን፣ ቃላት በደብተር እየጻፍን እናጠናለን። በቀን ቢያንስ አሥራ ሰባት ጊዜ የምንቀራትን ፋቲሓ ትርጉም ቃል በቃል የምናውቅ ስንቶቻችን ነን? ኦሃላ የሚለው ሰው ምን እንዳለ አያውቅም ብለን ስንገረም፣ እኛም «ኢያከ ነዕቡዱ» ብለን ምን እንዳልን ሳናውቅ ወደ ሩኩዕ እንወርዳለን። የስፔኑን እናት ለመረዳት የምንጓጓውን ያህል የጌታችንን ንግግር ለመረዳት ጓጉተናል?

ስለዚህ የዚህ ሳምንት ሥራችን ይሁን። የምትሄደውም የምትቀረውም፣ እስከ ሚቀጥለው ጁምዓ የፋቲሓን ሰባት አያዎች ትርጉም ያዝ። በቀን አንድ አያ። ከዚያ ሶላትህ ውስጥ ምን እንደሚለወጥ ራስህ ታየዋለህ።

ለእናትህም መልሷ ይኸው ነው። ምን እያለ እንደሚሰግድ የሚያውቅ ልጅ፣ በሰው ቤትም ቢያድር ሶላቱን በቀላሉ አይጥላትም።

ያ አላህ፣ ለዒልም የወጡትን በሰላም መልሳቸው። በሰው ሀገር ዲናቸውን ጠብቅላቸው። ለእንግዳ ቤታቸውን የከፈቱትን ሁሉ ወደ መልካም ምራቸው። ለእኛም የቃልህን መረዳት ግጠመን። አሚን።

ሱረቱል ካህፍን አትርሱ፣ በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሰለዋት አብዙ። ለሚሄድ ወንድማችሁም አድርሱለት።