የሐሙስ ፍጥረት

በመርካቶ ገዢ የማያገኝ ነገር መፈለግ ከንቱ ድካም ነው፤ የዛገው ምስማር፣ እጀታው የወለቀው ድስት፣ ቆራሌው ከየሰፈሩ በጆንያ የሚያግዘው ውራጅ ሁሉ ምናለሽ ተራ ሲደርስ ዋጋ ይቆረጥለታልና። ስለዚህ በዚህ ሰፈር ያደገ ሰው፣ ገፈርሳ ውሃ ዳር ካሜራ ታቅፎ ወፍ ሲመለከት የሚውለውን ሥራ ፈት ቢለው አይፈረድበትም። በሸማ ተራ የሚነግዱ አንድ አዛውንት ጎረቤቴ ያነሣኋቸውን ፎቶግራፎች አገላብጠው ካዩ በኋላ፣ «ልጄ፣ ይኼ ይበላል ወይስ ይሸጣል?» ሲሉ የጠየቁኝ ለቀልድ ቢሆንም፣ ጥያቄው ጽኑ የሃይማኖት ነገር ያዘለ ነው፤ ፍጥረት ክብሩን የሚያገኘው ከሚጠቀምበት ሰው ነውን?

በፎቶግራፉ ላይ ያዩት ክንፈ ሰማያዊውን ዝይ ነው። ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም የትም የማይገኘው ይህ ወፍ፣ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ከመሐል ከተማ 20 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት፣ ለአዲስ አበባ የመጠጥ ውሃ በሚሰጠው የገፈርሳ ግድብ ዳርቻ፣ ከከብቶች ጋር ሣር ሲግጥ ይውላል። ሲራመድ አንገቱን ወደ ኋላ አጥፎ ራሱን በጀርባው ላይ ስለሚያሳርፍ፣ ትራሱን ተሸክሞ የሚሄድ መንገደኛ ይመስላል። ስሙን ያሰጠው ሰማያዊ ቀለም ደግሞ ክንፉ ሲታጠፍ ስለሚሰወር፣ ያን ለማየት የሚሻ ሁሉ ወፉ በፈቃዱ እስኪነሣ መታገሥ ግድ ይሆንበታል።

ለአዛውንቱ «ቱሪስት ይከፍልበታል» ብዬ መመለስ ይቻለኝ ነበር፤ ነገር ግን ይህ ዝዩንም ምናለሽ ተራ ወስዶ ገዢ እንደ መፈለግ ነው። ሊቃውንታችን ፍጥረት ለምግበ ሥጋ ብቻ ሳይሆን ለአንክሮና ለተዘክሮም ተፈጠረ ማለታቸው ከገበያው መልስ እጅግ ይልቃል። እንዲያም ሆኖ፣ የሚያደንቀው ሰው ባይኖርስ የሚል ሌላ ጥያቄ ይከተላል። በሥነ ፍጥረት እንደ ተማርነው፣ በክንፍ የሚበሩት ከውሃ የተገኙት በዕለተ ሐሙስ ሲሆን አዳም የተፈጠረው በዕለተ ዓርብ ነው፤ እንግዲህ የሚገዛ፣ የሚሰይም፣ የሚያደንቅ ሰው ገና ሳይኖር፣ ፈጣሪ የእጁን ሥራ አይቶ መልካም አለው። ጀርመናዊው ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1845 ይህን ዝይ በሳይንስ መዝገብ ከማስገባቱ በፊትም ከወፉ መልካምነት አንዳች የጎደለ አልነበረም። ቤተ ክርስቲያንም በነሐሴ ወር ዕጕለ ቋዓትና ዓይነ ኵሉ የሚባለውን ወቅት ስታስብ፣ የቁራ ጫጩት ሳይቀር ዐይኑን ወደ ፈጣሪው እንጂ ወደ እኛ እንደማያነሣ ታስተምራለች።

ይህ ከሆነ ዘንድ፣ ሰማያዊውን ክንፍ በቶሎ ለማየት ድንጋይ ወርውሮ ወፉን የሚያስነሣ ፎቶግራፍ አንሺ፣ ምንም እንኳ ሥነ ጥበብን ቢጠራ፣ የሐሙስን ፍጥረት ለራሱ ዐይን እንደ ተሠራ ዕቃ ቈጥሮታልና ከገበያተኛው አይሻልም፤ እንዲያውም ገበያተኛው ቢያንስ ዋጋ ይከፍላል። ወደ ገፈርሳ የምትወጡ ወዳጆቼ ሆይ፣ ከብቶቹ ባሉበት በኩል ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ፤ ዝዩ ክንፉን ሳይዘረጋ ቢመሽባችሁም፣ ተዉት፣ ያለ ፎቶግራፍ ወደ ቤታችሁ ተመለሱ።