ስንዴው ካለቀ በኋላ

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለው ተረት ማብራሪያ የሚሻ አይመስልም። ፍርፋሪ የሚጥልለትን ቤት ውሻ ሌሊቱን ሙሉ ይጠብቃል፤ የማዶው ሰው በረት ቢከፈት ግን ጉዳዩ አይደለም። ውሻው በዚህ አይወቀስም፤ እንዲያውም የሚመሰገንበት ጠባዩ ነው። ተረቱ የሚመርረው ወደ ሰው ሲዞር ነው። ሹሙን ያወደሰ ጸሐፊ፣ ለባለርስቱ የመሰከረ ጭሰኛ፣ ለቀጣሪው የተከራከረ ሠራተኛ፣ ሁሉም በዚህች አንዲት ዐረፍተ ነገር አፋቸው ይያዛል። ከተባሉ በኋላ መልስ የለም። «ኧረ ከልቤ ነው» ቢሉ እሱም ጩኸት ተብሎ ይቆጠርባቸዋል።

የዚህ ተረት ዱላ ጠንክሮ ካረፈባቸው ሰዎች መካከል የገጠር አዲስ አማኞች ይገኙበታል። አንድ ገበሬ ከአባቶቹ ልማድ ወጥቶ «ወንጌልን ተቀብያለሁ» ሲል መንደሩ ምክንያት ፍለጋ ብዙ አይደክምም። «ለስንዴ ነው» ይላል። ስንዴ ካልነበረ ዘይት፣ ዘይት ካልነበረ ክኒን፣ ክኒንም ካልነበረ የልጁ ትምህርት ቤት ይጠቀሳል። ከአፉ የሚወጣው ጸሎት ወደ አፉ ከገባው እህል ጋር ይሰፈራል።

ለተረቱ የሚገባውን እንስጠው። ሚሲዮኖቹ ባዶ እጃቸውን አልመጡም። እ.ኤ.አ. በ1927 መጨረሻ የሱዳን ኢንቲርየር ሚሽንን ሰዎች እየመራ አዲስ አበባ የገባው ቶማስ ላምቢ ሐኪም ነበር። በተከታዩ ዓመት ቡድኑ ወደ ደቡብ ወረደ፤ ጅማ ለመድረስ አስቦ ወላይታ፣ ከምባታና ሐዲያ፣ ሲዳማም ላይ ድንኳኑን ተከለ። በሶዶ አጠገብ ኦቶና ላይ ሕክምና ተጀመረ። ቁስሉን ሊያሳጥብ የመጣ ሰው ተራው እስኪደርስ ስብከት ይሰማል። ይህን አሠራር ማንም አልደበቀውም። የታመመ ሰው ያዳነውን እጅ ቢወድ፣ የእጁን ባለቤት ሃይማኖት ደግሞ ጠጋ ብሎ ቢያይ ምን ይደንቃል?

ደግሞም ተረቱን ለወንጌላውያን ብቻ ማዋል አድልዎ ነው። ወላይታ እ.ኤ.አ. በ1894 በምኒልክ ጦር ተወግታ ንጉሥ ጦና ከተማረኩ በኋላ በደቡቡ ሁሉ ክርስትና የተነሣ ባላባት ማዕረግም የክርስትና አባትም አብሮ ያገኝ ነበር። የጦር አለቃን የክርስትና አባት ማድረግ በዚያን ዘመን ከብዙ እህል የሚበልጥ መከታ ነው። ያኔ ግን «ውሻ በበላበት» ያለ ብዙ ሰው አልሰማንም። ተረቱ የሚነገረው ባብዛኛው ወደ ታች ነው።

አሁን ወደ ፈተናው እንሂድ። ውሻው በእርግጥ ለምግቡ ይጮኽ እንደሆነ ለማወቅ የሚበጀው ምግቡ ሲቋረጥ ማየት ነው። በወላይታ ይህ በትክክል ሆኗል።

ሚሲዮኖቹ ሶዶ አካባቢ ከተቀመጡ አምስት ዓመት ያህል ቆይተው፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1933፣ የመጀመሪያዎቹን አማኞች አጠመቁ። ቁጥራቸው 10 ነበር። ክኒኑ እየታደለ፣ ፋሻው እየተጠቀለለ፣ ትምህርቱ እየተሰጠ በአምስት ዓመት አሥር ሰው! በስንዴ ነው ካልን ስንዴው እጅግ የተወደደ ነበር ማለት ነው። ከዚያ ጣልያን ገባ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1937 የሶዶዎቹ ሚሲዮናውያን በጣልያን ጦር መኪና ተጭነው ከአገር ሲወጡ በወላይታ የተጠመቁት 48 ብቻ ነበሩ። በእጃቸው የቀረው በራሳቸው ቋንቋ የተተረጎመ ጥቂት የወንጌል ክፍል ነው። ሐኪም የለም፤ ደመወዝ ከፋይ የለም፤ ከውጭ የሚመጣ ደብዳቤም የለም።

ከነጻነት በኋላ ሚሲዮኖቹ ሲመለሱ የጠበቃቸው ወደ 10,000 የሚጠጋ አማኝ ነበር። ቁጥሩ የራሳቸው የሚሲዮኖቹ ግምት ስለሆነ አንድ አንድ ሰው ተቆጥሮ የተገኘ አድርጎ መያዝ አይገባም፤ ግማሹን ብንቀንስ እንኳ ነገሩ ያው ነው። የሚያበላው ሄደ፤ ድምፁ በረታ።

በእነዚያ ዓመታት የሚበላው በየት በኩል እንደነበር ደግሞ ግልጽ ነበር። ጣልያን ገንዘቡንም ሥልጣኑንም የካቶሊክ ቄሶቹንም ይዞ መጥቷል። ተረቱ እውነት ቢሆን ኖሮ የወላይታ አማኞች አዲሱን ጌታ ባወደሱ ነበር። የሆነው የጸሎት ቤታቸው መፍረስ፣ የመሪዎቻቸው መታሰርና መገረፍ ነው። ከእነርሱ መካከል ዋንዳሮ ዳባሮ ስሙ እስከ ዛሬ ይነሣል፤ ታሰረ፣ ተገረፈ፣ ሲፈታም ወደ ስብከቱ ተመለሰ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም የምግቡ ነገር የሚገለበጠው እስር ቤቱ በር ላይ ነው። በአገራችን የእስረኛ ስንቅ የቤተሰቡ ዕዳ እንደነበር የሚታወቅ ነው። እናት ወይ ሚስት እንቅብ ተሸክማ ካልመጣች እስረኛ ጦሙን ያድራል። የታሰሩት አማኞች ግን ዘመድ ያልሆነ ሰው ሁሉ ከሩቅ ቀበሌ ሳይቀር ቆጮውንም በቆሎውንም እየተሸከመ ይመጣላቸው ጀመር። ስንቁ ስለተረፈ የሚያመጣለት ላጣው ሌላ እስረኛ ተካፈለ። ለእምነቱ ባዕድ የነበረው ጎረቤትና እስረኛ ይህንን አየ፤ ከዚያ በኋላ ወደ አማኞቹ ጠጋ ያለው ሰው ብዙ እንደነበር የዘመኑ ምስክሮች ተናግረዋል። እንግዲህ ተረቱን የያዘ ሰው «ይኸው፣ እነዚህም በልተው ነው» ይበለኝ! ልክ ነው፣ በልተዋል። ያበላቸው ግን ሰሜን አሜሪካ ያለ ጽሕፈት ቤት አልነበረም፤ ራሱ ያልጠገበ ጎረቤት ነው። በዚያ ስንቅ ላይ ዋጋ የለጠፈበት ሰው አልነበረም።

ነገሩን ንጹሕ ተአምር ማስመሰል ግን አልፈልግም። በጣልያን ጊዜ የገባርነቱ ሥርዓት ተናግቷል፤ ገበሬውን በእጁ ይዞት የነበረው ጌታ ኃይሉ ላልቷል፤ ሰው የወደደውን እንዲከተል ክፍተት ተፈጥሯል። ከዚያም ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ፣ ከጋሞ የተነሣ ኢሳ ላሌ የተባለ ሰው ለመናፍስት መገበር ይቅር፣ ለአንዱ ፈጣሪ ለጦሳ ብቻ ጸልዩ እያለ እስከ ወላይታ ድረስ አስተምሯል። ኢሳ ስንዴም ክኒንም አልነበረውም። ሚሲዮኖቹ ሲደርሱ መሬቱ ታርሶ ነበር ማለት ይቻላል፤ ይህን ደግሞ የሚሲዮን ታሪክ ጸሐፊዎች ሁልጊዜ በበቂ አጉልተው አልጻፉትም።

ተረተኛው እዚህ ላይ የመጨረሻውን ጉድጓድ ይቆፍራል። «ለመናፍስት የሚታረደው በሬና ዶሮ ሲቀርላቸው ተጠቀሙ አይደል? እሱም መብላት ነው» ይላል። እውነት ነው፤ ልጅ በታመመ ቁጥር ጠንቋይ ዘንድ ከብት መንዳት አንድን ቤት ያራቁታል፤ ከዚያ መገላገል ትልቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን «መብላት» ማለት ይህን ሁሉ የሚያጠቃልል ከሆነ ሳይበላ የሚጮኽ ፍጡር አይገኝም። ሰላም ያገኘ በልቷል፤ ፍርሃት የለቀቀው በልቷል፤ ልጁ የዳነለት በልቷል። ያኔ ተረቱ የሚፈርድበት ሰው ያጣል።

በወላይታ ገጠር እሑድ ረፋድ ላይ አምልኮው ሲያልቅ ጨረታ የሚወጣባት ቀን አለች። ጥሬ ገንዘብ የሌላት እናት እንቁላል፣ ሌላዋ እግሯ የታሰረ ዶሮ፣ አንዱ ገበሬ ሁለት ጣሳ በቆሎ አምጥቷል። አንድ ሽማግሌ ዶሮዋን ከፍ አድርገው ይዘው ዋጋ ይጠራሉ። አሸናፊው ከገበያ ዋጋ አብልጦ ይከፍላል፤ ከዚያ ዶሮዋን ተቀብሎ ይሄዳል ሲባል «ለቤተ ክርስቲያን» ብሎ መልሶ ያስቀምጣታል። ጨረታው እንደገና ይወጣል። ምእመኑ ይስቃል፣ ያጨበጭባል፣ ዶሮዋ ብቻ ግራ ይገባታል። በዚያ ገንዘብ ከሚተዳደሩት አንዱ ወንጌላዊው ነው። የወላይታ አብያተ ክርስቲያናት ከድሮ ጀምሮ ወደ ጋሞ፣ ወደ ጎፋ፣ ወደ ዳውሮና ወደ አሪ ድረስ የራሳቸውን ወንጌላውያን ከነቤተሰባቸው ሲልኩ የቆዩት በእንዲህ ያለ መዋጮ ነው። ደመወዙ ደመወዝ ለመባል የማይበቃ ነበር፤ ከሄዱበትም የታሰሩ፣ የተባረሩ አሉ። በዚህኛው ሒሳብ የሚያበላው ራሱ ጯሂው ነው።

ለነገሩ ጯሂው ባይጮኽስ ምን ይባላል? ለዚህ ደግሞ ሌላ ስድብ ተዘጋጅቶለታል፦ «ወጪት ሰባሪ»። በበላበት ከጮኸ ሆዳም፣ በበላበት ላይ ከጮኸ ወጪት ሰባሪ። መውጫ በር የለም። የኢትዮጵያ መካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1972 የገባችው እዚህ መሐል ነው። ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊ በነበሩበት ጊዜ ቤተ ክርስቲያኒቱ ለውጭ ረጂዎቿ በሉተራን ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን በኩል ደብዳቤ ጻፈች። የቅሬታው ፍሬ ነገር ረጂዎቹ ለልማት ገንዘብ ሲዘረጉ ለወንጌል ሥራ ግን እጃቸውን መሰብሰባቸው ነው፤ ሰውን ሥጋና ነፍስ ብሎ የከፈለው የእናንተ መስፈርት ነው፣ የእኛ ሰው አንድ ነው አለቻቸው። ይህ በሚበሉበት ቤት ጌታ ላይ መጮኽ ነው፤ ያውም ስለ ክሊኒክና ስለ ጉድጓድ ውኃ ማነስ ሳይሆን ስለ ስብከት። ሆዳም የሚባል ሰው እንዲህ ያለ ደብዳቤ አይጽፍም። ጉዲና ከሰባት ዓመት በኋላ በደርግ ታፍነው ተገደሉ።

ተረቱ አንድን ሕዝብ ሁለት ጊዜ በተቃራኒ አቅጣጫ ሲመታም አይተናል። በጎንደር ገጠር የቤተ እስራኤል ሰው ርስት አልነበረውም። እ.ኤ.አ. ከ1860 ገደማ ጀምሮ እነ ሚሲዮናዊ ሄንሪ ስተርን ከለንደን መጥተው ሲሰብኩ፣ ቴዎድሮስ የፈቀዱላቸው ያመነው ሁሉ በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን እንዲጠመቅ ነበር። በዚህም በሌላም መንገድ ክርስቲያን የሆነው ክፍል «ለመሬት ብሎ ሃይማኖቱን ለወጠ» ተባለ። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ የልጅ ልጆቹ ወደ አይሁድነት እንመለሳለን ብለው ጎንደርና አዲስ አበባ ላይ ተራ ሲጠብቁ ደግሞ «ለእስራኤል ቪዛ ነው» ተባሉ። ሲወጡም በሆዳቸው፣ ሲገቡም በሆዳቸው። ከመካከላቸው በእርግጥ ለመሬት የተጠመቀ፣ በእርግጥ ለቪዛ የሚጾም ሰው አይጠፋም። ዓመታት ሙሉ ቪዛውን ሳያገኝ በጭቃ ቤት እየተከራየ ምኵራብ የሚመላለሰውን ግን ተረቱ የት ያስቀምጠዋል?

ሐቁን ለመናገር፣ ተረቱ ዛሬ በአንዳንድ ቦታ ከ1937ቱ ይልቅ ጥርስ አለው። ግቢው ታጥሮ፣ ታፔላ ተተክሎ፣ ልጅ የሚመዘገብበት ፕሮግራም ሲከፈት የአምልኮው አግዳሚ በድንገት ይሞላል። በጀቱ ሲዘጋ ከአግዳሚው ግማሹ ባዶ ይሆናል። ነገር ግን እዚያ ላይ የማፍረው በመጣችው እናት አይደለም። ልጇን ደብተርና ጫማ ካለበት ቦታ መውሰድ የእናትነት ወጉ ነው። የማፍረው «በዚህ ሩብ ዓመት ይህን ያህል ነፍስ» የሚል ሪፖርት ጽፎ ከተራቡ ልጆች ፎቶ ጋር አያይዞ በሚልከው ሰው ነው። ጩኸቱን የጠየቀው እሱ ነው፤ ተረቱ ግን ስለ እሱ አንድ ቃል አይተነፍስም።

በመንደር ደግሞ ከሚገኘው ይልቅ የሚታጣው ቀድሞ ይታወቃል። አዲስ አማኝ ጠላውን ሲተው ከደቦው ጨዋታ ይርቃል፤ ለመናፍስት የታረደውን ሥጋ አልበላም ሲል ወንድሙን ያስቀይማል። በየቦታው ከእድር የተሰረዘ አለ፤ ሬሳ ይዞ የመቃብር ቦታ የተከለከለም አለ። ይህን ለስንዴ የሚገዛ ሰው ገበያ አያውቅም።

እነዚያ የተሰረዙት በኋላ የራሳቸውን መቃብርም የራሳቸውንም እድር አቋቋሙ። በ2007 እ.ኤ.አ. የሕዝብ ቆጠራ ፕሮቴስታንቱ ከአገሪቱ ሕዝብ 18.6 በመቶ ሆኖ ተገኘ፤ በደቡብ ክልል ከግማሽ በላይ። በብዙ የወላይታ መንደር ዛሬ ነባሩ ጎረቤት እነርሱ ናቸው። ልጆቻቸው ደግሞ ድምፅ ማጉያው ወደሚያስገመግመው፣ ነቢዩ ሥራና ትዳር ወደሚተነብይበት አዲስ አዳራሽ መሄድ ጀምረዋል። አያታቸው «የስንዴ አማኝ» ሲባል የኖረ አንድ ሽማግሌ ስለ ልጃቸው ቢጠየቁ፣ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው «ተወው እባክህ፣ ውሻ በበላበት ነው የሚጮኸው» ይላሉ።