እንግዳን ፈርተን፣ ዘመድን አቅፈን

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የጤና ሚኒስቴር በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ቫይረስ ታማሚ መገኘቱን አስታወቀ። ታማሚው የ48 ዓመት ጃፓናዊ ነው፣ የመጣውም ከቡርኪና ፋሶ ነው ተባለ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት አዲስ አበባ ምን ትመስል እንደነበር ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። የነጭ ሽንኩርት፣ የሎሚና የዝንጅብል ዋጋ ሰማይ ነካ። ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። በየሱቁና በየባንኩ ደጃፍ ቧንቧ የተገጠመለት ጀሪካን ከነሳሙናው ተቀመጠ። በየመንገዱ ደግሞ መልኩ የሩቅ ምሥራቅ ሰው የመሰለ ሁሉ፣ ኋላም ፈረንጅ የተባለ ሁሉ፣ «ቻይና!» «ኮሮና!» እየተባለ ይሰደብ ጀመር። ድንጋይ የተወረወረባቸው፣ ታክሲ አልጭንም ያላቸው ነበሩ። የአሜሪካ ኤምባሲ ዜጎቹ እንዲጠነቀቁ እስከ ማሳሰብ ደረሰ።

በዚያው ሰሞን፣ በዚያው ከተማ፣ የለቅሶ ድንኳን ሙሉ ነበር። ሰው አንገት ለአንገት ተያይዞ ያለቅሳል፣ ትከሻ ለትከሻ ይሳሳማል፣ በአንድ ትሪ ይበላል። መንገድ ላይ ባየው የውጭ ሰው የተነሳ ወደ ማዶ የተሻገረ ሰው፣ ድንኳኑ ውስጥ ሲገባ ያለ ሥጋት ሠላሳ ሰው ይጨብጣል።

እነዚህን ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው የሚታየኝ አለማወቅ አይደለም። ማወቁንማ አውቀን ነበር። ራዲዮው ይናገራል፣ ቴሌቪዥኑ ይናገራል፣ ስልክ ስንደውል እንኳ ሰውየው እስኪያነሳ ድረስ ስለ እጅ መታጠብና ስለ ርቀት ይነገረን ነበር። ሰምተናል፤ እጃችንንም ታጥበናል። ታጥበን ስናበቃ የታጠበውን እጅ ለወዳጅ ዘረጋነው። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ሌላ ነገር ነው፦ ዓይን የማያየው አደጋ ሲመጣ ሰው ለአደጋው መልክ የሚሰጠው ከየት አምጥቶ ነው?

አርስቶትል ስለ ንግግር ጥበብ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ፍርሃትን ሲተነትን፣ ሰው የሚፈራው ቀርቦ የታየውን ክፉ ነገር ነው ይላል። ሟች መሆኑን የማያውቅ የለም፤ ግን ሞት ሩቅ ስለሚመስለው አይጨነቅበትም። ይህ ስለ ጊዜ ቅርበት የተባለ ነው፣ ትክክልም ነው። ስለ ሰው ቅርበት ስናስብ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የሚያስፈራን ሩቅ የሆነው ሰው ነው፤ መልኩን የማንለምደው፣ ቋንቋውን የማንሰማው። በመተንፈስ የሚተላለፍ በሽታ ግን መንገዱ ሌላ ነው፦ አብሮ መብላት፣ አብሮ መተኛት፣ ጆሮ ጋ ተጠግቶ ማውራት። ፍርሃት ባዕድነትን ተከትሎ ሲሄድ በሽታው ቅርበትን ተከትሎ ይሄዳል። ሁለቱ መንገድ ላይ የሚገናኙት አልፎ አልፎ ነው።

ይህ የእኛ ብቻ ጠባይ አይደለም። በ1630 እ.ኤ.አ. ሚላን በቸነፈር ስትታመስ፣ በርና ግድግዳ ላይ መርዝ የሚቀቡ ሰዎች አሉ የሚል ወሬ ከተማውን ሞላው። በሰኔ ወር፣ ዝናብ ባለበት ጠዋት፣ ጉሊዬልሞ ፒያትሳ የሚባል የጤና ሠራተኛ ግድግዳ ግድግዳውን እየታከከ ሲሄድ አንዲት ሴት በመስኮት አየችው። እጁን ግድግዳው ላይ ይጠርግ ነበር፤ ጣቱን የነካው የጽሕፈት ቀለም ነው። ተይዞ በግርፋትና በሥቃይ ሲመረመር ጃን ጃኮሞ ሞራ የሚባል የፀጉር አስተካካይ ስም ጠራ። ሁለቱም በአደባባይ ተገደሉ፤ የሞራ ቤት ፈርሶ በቦታው የውርደት ዓምድ ቆመ። ጣሊያናዊው ደራሲ አሌሳንድሮ ማንዞኒ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ይህን ጉዳይ መርምሮ ሲጽፍ፣ ጥፋቱን በዘመኑ አለማወቅ ላይ ብቻ ማላከክን አልተቀበለም፤ ዳኞቹ ማየት ይችሉ የነበረውን ላለማየት መርጠዋል ነው የሚለው። ልብ በሉ፣ ፒያትሳ የሚላን ሰው ነበር። እንግዳ ሰው ባይገኝ እንግዳ የሆነ የእጅ እንቅስቃሴም ይበቃል ማለት ነው። ቸነፈሩ ግን ያን ጊዜ በየቤቱ ውስጥ፣ በአይጥና በቁንጫ ነበር።

እርግጥ ነው፣ በመጋቢት 2012 ጥርጣሬው መሠረት አልነበረውም ማለት አይቻልም። በሽታው ከውጭ ነው የገባው፤ ከመጀመሪያዎቹ ታማሚዎችም ብዙዎቹ መንገደኞች ነበሩ። አየር ማረፊያ ላይ ሙቀት መለካት፣ መንገደኛን ለይቶ ማቆየት ተገቢ ነበር። ነገር ግን መንገድን መጠበቅና ሰውን መውገር አንድ አይደሉም። ለዓመታት እዚህ የኖረ፣ ድልድይ የሚሠራ፣ ፋብሪካ ውስጥ የሚውል ሰው ስለ መልኩ ብቻ ሲሸሽ፣ በሽታ አምጪው ቫይረሱ መሆኑ ቀርቶ ፊቱ ሆነ። ደግሞም የመጀመሪያው ታማሚ ከቻይና አልመጣም፤ ቻይናዊም አልነበረም። ስድቡ ይህን ለማጣራት ጊዜ አልነበረውም።

ከእንግዳው ይልቅ ከባዱን ሥራ የጠየቀን የራሳችን አካል ነው። ይህ ቫይረስ ምልክት ከመታየቱ በፊትም ይተላለፋል። ይህች አንዲት እውነት ከሁሉም በላይ ከባድ ነበረች፤ ምክንያቱም የምትጠይቀን ሌላውን እንድንጠረጥር አልነበረም፤ ጤነኛ ነኝ የሚለውን የራሳችንን ሰው እንድንጠረጥር ነው።

ያ ምን ያህል እንደሚከብድ የሜሪ ማሎን ታሪክ ያሳያል። ከአየርላንድ ወደ አሜሪካ የሄደች፣ በኒው ዮርክ ሀብታም ቤቶች ወጥ የምትሠራ ሴት ነበረች። የሠራችባቸው ቤቶች ሰዎች ተራ በተራ በታይፎይድ ይታመማሉ፤ እሷ ግን ጤነኛ ነች። በ1907 እ.ኤ.አ. ጆርጅ ሶፐር የሚባል መሐንዲስ ነገሩን ተከታትሎ ደረሰባትና ሰገራና ሽንትሽን ለምርመራ ስጪ ሲላት፣ በሥጋ መቁረጫ ሹካ አባረረችው። በደሴት ላይ ተለይታ እንድትቀመጥ ተደረገ። በ1910 ወጥ ቤት እንዳትሠራ ቃል ገብታ ተለቀቀች፤ በ1915 ስሟን ቀይራ በወሊድ ሆስፒታል ስታበስል ተገኘች፤ ከዚያ እስክትሞት፣ እስከ 1938 ድረስ፣ ደሴቱ ላይ ቀረች። ጋዜጦች ጭራቅ አድርገው ሣሏት። እኔ ግን ከእኛ ብዙም የተለየች አትመስለኝም። ሰው ስለ ጤናው ያለው ዋና ምስክር የገዛ ገላው ነው። ራሴን አላመመኝም፣ አላተኮሰኝም፣ ምግብ ይበላልኛል፤ ታዲያ በምን አፌ ነው አደገኛ ነኝ የምለው?

እዚህ ላይ የሥነ ምግባር ጥያቄ ይመጣል። በደልን የምንመዝነው በአሳብ ነው። ዕቃ የሰበረ ልጅ «ሆን ብዬ አይደለም» ካለ ቁጣው ይበርዳል። ፍርድ ቤትም ቢሆን ሆን ብሎ የገደለንና ሳያስብ የገደለን በአንድ አያይም። ወረርሽኙ ግን የማላውቀውን፣ ያላሰብኩትን፣ ላየውም የማልችለውን ጉዳት በኃላፊነት ያዝ አለኝ። ጥፋተኛ ሳልሆን ተጠያቂ ልሁን? አዎን፣ ይመስለኛል። ነገር ግን ይህ ኃላፊነት ከጸጸት አይነሳም፤ ጉዳቱ ከመድረሱ በፊት፣ ምናልባትም ፈጽሞ ላይደርስ፣ የሚከፈል ዕዳ ነው። እንዲህ ላለው ነገር ልማዳችን ሥርዓት አላዘጋጀም ነበር። ይቅርታ መጠየቂያው ብዙ ነው፤ ላልደረሰ ጥፋት መጠንቀቂያው ጥቂት ነው።

ስለዚህም ማስኩን እንዴት እንደለበስነው ተመልከቱ። ለወረርሽኙ ከታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በኋላ፣ ማስክ ግዴታ ሲሆን፣ ሰው ፖሊስ ሲያይ ወደ አፍንጫው ከፍ ያደርገው ነበር፤ የማያውቀው ሰው አጠገቡ ታክሲ ውስጥ ሲቀመጥም እንዲሁ። ወዳጁን ሲያገኝ ግን ወደ አገጩ ዝቅ አድርጎ ያወራ ነበር። ጨዋነት ነበር፤ ለወዳጅ ፊትን ሸፍኖ ማነጋገር ነውር ይመስላል። ምራቁ የሚፈናጠረው ግን ሲያወራ ነው! ለማያውቀው ታጠቀ፣ ለሚወደው ፈታ።

ለዚህ ወቀሳ ከመቸኮሌ በፊት ግሪካዊው ታሪክ ጸሐፊ ቱኪዲደስ የሚለውን ላንሳ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ430 ግድም አቴናን የመታውን ወረርሽኝ ራሱም ታሞበት አይቶታል። ከሞቱት ውስጥ በተለይ ደግ ለመባል የሚጥሩት እንደሚገኙበት ጽፏል፤ ነፍሳቸውን መሰሰት አሳፍሯቸው የታመመ ወዳጅ ቤት ይገቡ ስለነበር። እኛ ይሉኝታ የምንለው ነገር እዚያም ሰው ገድሏል። ያም ሆኖ ታሪክ ጸሐፊው አልሳቀባቸውም። የታመመን መጠየቅ፣ የሞተን መቅበር ሰው መሆን ከሚባሉት ነገሮች አንዱ ከሆነ፣ ያንን የሚከለክል ትእዛዝ ቢታዘዙትም ያቆስላል።

ጣሊያናዊው ፈላስፋ ጆርጆ አጋምቤን በየካቲትና በመጋቢት 2012 በጻፋቸው አጫጭር ጽሑፎች የያዘው ይህን ቁስል ነው። ሙታን ያለ ቀብር ሥርዓት መሄዳቸውን፣ ጎረቤት የሚባለው ሰው ወደ በሽታ ምንጭነት መለወጡን እያነሳ፣ ኅብረተሰቡ ከ«ባዶ ሕይወት»፣ ማለትም በሕይወት ከመቆየት በቀር የሚያምንበት ነገር እንደሌለው ተናገረ። የበሽታውን ክብደት በተመለከተ ተሳስቷል፤ የጣሊያኗ ከተማ ቤርጋሞ በወረርሽኙ ምን እንደሆነች ያየ ሰው ይህን አይጠራጠርም። ስለ ጎረቤት ያለው ግን ግማሽ እውነት አለው። ያልለየው ነገር ጎረቤትን መጠርጠርና ለጎረቤት ብሎ ራስን መጠርጠር የተለያዩ መሆናቸውን ነው። ችግሩ፣ በውጭ ሲታዩ ሁለቱ አንድ ናቸው። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ማለት ነው። ሸሸኸኝ ወይስ ጠበቅኸኝ? በእርምጃው ብቻ መለየት አይቻልም።

በእነዚያ ቀናት ሰው ይህን ሊያስረዳ የተፍጨረጨረበትን መንገድ ሳስታውስ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ክርን ለክርን ተገጫጨን፤ በእግር ሰላምታ ተሰጣጠን፤ ሹፌሩም ወያላውም የባንኩ ሥራ አስኪያጅም በጫማ ሲነካኩ ፈገግ ያሰኝ ነበር። ከሁሉ የተሻለው ግን እጅን ደረት ላይ አድርጎ ዝቅ ማለት ነበር። የቆየ ነገር ነው፤ አያቶቻችን ለሚያከብሩት ሰው ያደርጉት ነበር። ርቆ ማክበር የሚቻል መሆኑን ባህሉ ያውቀው ነበር ማለት ነው፤ እኛ ነን እጅ ካልጨበጡና ትከሻ ካልተነካኩ በቀር ፍቅር የማይታይ ያደረግነው። የትንሣኤ በዓልም ሚያዝያ 11 ቀን ለአብዛኛው ምእመን በቴሌቪዥን መስኮት አለፈ። ብዙ እናቶች ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጭ ቆመው ተሳልመው ሲመለሱ፣ የጎደለባቸውን እንጂ የጠበቁትን ሰው አላዩም። ላልደረሰ ጥፋት የሚከፈል ዕዳ እንዲህ ነው፤ ደረሰኝ የለውም።

ቤት ተቀመጡ ስለተባለው ብዙ አልልም። ስድስት ሰው አንድ ክፍል ውስጥ ለሚያድር ቤተሰብ፣ ውሎ ያገኘውን ለሚበላ የቀን ሠራተኛ ምክሩ ምን እንደሚመስል ግልጽ ነው። ታክሲ በግማሽ ይጫን፣ ዋጋው እጥፍ ይሁን ሲባል ያንን እጥፍ የከፈለው ማን እንደሆነም እናውቃለን። ራስን መጠርጠር ቦታ ይጠይቃል፤ ቦታ ደግሞ ገንዘብ ነው።

የሚዘገንነኝ ሌላ ነው። በሚያዝያ ወር ሳዑዲ ዓረቢያ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን በአውሮፕላን ስትመልስ፣ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ይቁም ብሎ ጠየቀ። ተመላሾቹ መጡ፤ በትምህርት ቤትና በዩኒቨርሲቲ ሕንፃዎች ተለይተው ቆዩ፤ ከዚያ ወደ የትውልድ ቀያቸው ሄዱ። እነዚህ እኮ በየወሩ በሚልኩት ብር ቤት የሠሩ፣ ታናናሾቻቸውን ያስተማሩ ናቸው። የለይቶ ማቆያ ጊዜያቸውን ጨርሰው፣ ተመርምረው ነጻ የተባሉት ሳይቀሩ፣ ሰፈር ሲገቡ በር የተዘጋባቸው ነበሩ። የሥጋ ዘመድ በአንድ የአውሮፕላን ጉዞ እንግዳ ይሆናል። ባዕድነት የዘር ወይም የመልክ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ይህ ሊሆን ባልቻለ ነበር። ፍርሃት መልክ ሲያጣ ይፈልጋል፤ በአጠገቡ ካላገኘ ከዘመድ መሐል አንዱን አውጥቶ ያርቀዋል።

ከመቶ ዓመት በፊት በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ የተባለው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባን ሲመታ ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ሰው እንደሞተ ይገመታል። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ ታመው ተርፈዋል። ከዚያ መዓት ለእኛ የደረሰን ነገር ቢኖር ኅዳር 12 ቀን የሚጤሰው ቆሻሻ ነው፤ «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለው ከዚያ ዘመን ጋር ተያይዞ ይነገራል። ቆሻሻን ማቃጠል መልካም ነው። ነገር ግን ያ በሽታ እንደ ኮሮና ሁሉ ከሰው ወደ ሰው በትንፋሽ ይሄድ ነበር። የወረስነው ትዝታ አደጋውን ከደጅ ውጭ፣ ከጥራጊው ላይ ያስቀምጠዋል።

በነሐሴ 2012 በአንዳንድ ቀናት ከአንድ ሺህ በላይ አዲስ ታማሚ ይመዘገብ ነበር። በመጋቢት፣ ታማሚዎቹ በጣት በሚቆጠሩበት ጊዜ፣ መንገዱ ጭር ብሎ ነበር፤ በነሐሴ መርካቶ ጢም ብሏል፣ ሰው መጨባበጡን ቀጥሏል። መሰላቸት ነው የሚሉ አሉ፤ ኑሮ ነው የሚሉም አሉ። ሁለቱም እውነት ናቸው። እኔ ግን ሦስተኛ ምክንያት አያለሁ። ያን ጊዜ በሽታው የቻይና ወይም የጃፓን መሆኑ ቀርቶ የጎረቤት፣ የአክስት፣ የሥራ ባልደረባ በሽታ ሆኗል። «እሱንም ይዞት ነበር፣ ተሻለው» ይባል ጀመር። ስም ያለው፣ ሰፈር የሚታወቅ፣ በቡና ላይ የሚቀለድበት ነገር ሆነ። ኮሮና ራሱ ዘመድ ሆነ፤ ዘመድን ደግሞ ማን ይሸሻል?