ተወዳዳሪ ጠላት ነውን?

በአንድ ገበያ የሚሽቀዳደሙ ነጋዴዎች ሊረዳዱ ይገባቸዋልን? አዎን፥ ይገባቸዋል። በአሜሪካ አገር ሕንፃ የሚያጸዱ ኩባንያዎች እ.ኤ.አ. በ1965 ማኅበር አቋቋሙ። በጨረታ ይፎካከራሉ፤ በማኅበራቸው ግን ስለ ሥራው ዘዴና ስለ ሠራተኛው ሥልጠና ይመካከራሉ። በረኪናና አሞኒያ ሲደባለቁ መርዘኛ ጋዝ ይወጣል። ይህን የሚያውቅ ነጋዴ ዕውቀቱን ከተወዳዳሪው ቢሰውር፥ የሚታፈነው ባለ ኩባንያው ሳይሆን ምስኪኑ ጠራጊ ነው።

ነገር ግን ማኅበር ሁሉ መልካም አይደለም። የአንድ ሙያ ሰዎች ሲገናኙ ዋጋ ለማስወደድ እንደሚዶልቱ አዳም ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1776 አስጠንቅቋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ ድሃንም ሊያስር ይችላል።

እንግዲህ ወጣት ሆይ፥ ማኅበር ስትገባ ራስህን እንዲህ ብለህ ጠይቅ፦ የተመካከርነውን ደንበኛውና ሠራተኛው ቢሰሙት እናፍራለንን? የማናፍር ከሆነ ኅብረታችን የቀና ነው።