የሕመምተኛው ስምና የፈዋሹ አደራ

ለታመመ ሰው ፈውስን የሚሻ ሁሉ ከሕመሙ ጋር ስሙንና ምሥጢሩን ይረከባል። እንግዲህ ይህ የተረከበው ነገር የማን ነው? የፈዋሹ ነውን ወይስ የሕመምተኛው? ብለን ልንመረምር ይገባናል።

ከጎንደር ከተማ ጀምሮ እስከ ወገራና እስከ ስሜን ደጋ የሚታወቀውን የብራና ክታብ ለምሳሌ እናንሣ። ደብተራው ብዙ ጊዜ ብራናውን በሕመምተኛው ቁመት ልክ ያዘጋጃል፤ ሰይፍ የመዘዙ መላእክትን፣ መስቀልንና ዓይን የበዛበትን ጠልሰም ይሥልበታል፤ በጽሑፉም መካከል «ገብርከ» ወይም «አመትከ» ብሎ የክርስትና ስሙን ያገባል። ከዚህ በኋላ ተጠቅልሎ፣ በቆዳ ተሰፍቶ፣ በአንገት ይንጠለጠላል። ወንድ በ40 ሴት በ80 ቀን በጥምቀት የሚቀበሉት ይህ ስም፣ ክፉ ሰው እንዳይጎዳበት ተብሎ በገበያ አይጠራምና።

ይህን ማንሣታችን ክታብን ለማመስገን አይደለም፤ በአስማት ፈውስ መሻትን አባቶች እንደ ነቀፉት፣ በ15ኛው መቶ ዓመትም ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በጽኑ እንደ ተቃወሙት የታወቀ ነው። ነገር ግን የሕመምተኛ ስም መሸፈን እንዳለበት ያ የተሰፋ ቆዳ እንኳ ይመሰክራል።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1932 ዓ.ም. ከዳካር የተነሣው የፈረንሳይ የምርምር ጓድ ጎንደር ተቀምጦ ብዙ የብራና ጽሑፎችን፣ ክታቦችንም ጭምር፣ ወደ ፓሪስ ወሰደ። ዛሬ በውጭ አገር ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዘክር እንደዚህ ያሉ ክታቦች ተዘርግተው ይታያሉ። አንዲት እናት ከጎረቤቷ የሰወረችውን ስምና ሕመም የማያውቃት ሁሉ ያነበዋል። በሥዕሉ ውበት መደነቅ ነውር አይደለም፤ ዳሩ ግን ምሥጢሯን እንዲገልጥ ለማን ፈቀደች?

በዘመናችን ደግሞ ሕመምተኛው ራሱ ጭንቀቱን እየሣለ የሚታከምበት ጥበብ አለ። ይህን ሕክምና በ1942 በስሙ የጠራው፣ ራሱ የሳንባ ነቀርሳ ታሞ የነበረው እንግሊዛዊው ሠዓሊ አድሪያን ሂል ነው። በዚህስ አደራው ይብሳል፤ ክታቡ ስምን ቢይዝ፣ ይህ ሥዕል የልብን ውስጥ ይይዛልና።

የምሥጢር መጠበቅ ምክንያቱም ኀፍረትን መሸፈን ብቻ አይደለም። ክታብ ባለቤቱ ሲሞት ወይም ሲሸጥ የፊተኛው ስም ተፍቆ የሌላ ሰው ስም ይጻፍበታል። ሰው ግን ሲለወጥ ስሙ አይፋቅም፤ ያው ገብረ ማርያም ስሙን እንደ ያዘ አዲስ ሰው ይሆናል። በጨለማው ቀን የሣለውን ሥዕል አውጥቶ ለሌላው የሚያሳይ፣ የዳነውን ሰው በትናንቱ ሕመም ያስረዋል። የንስሐ አባት የሰማውን የማይገልጠው፣ ለተነሣሒው እንኳ ኀጢአቱን እያነሣ የማይነቅፈው ስለዚህ ነው። ዝምታው ለሚለወጠው ሰው የተተወ ቦታ ነው።

«ለሌላው ትምህርት እንዲሆን ቢነገርስ?» የሚል ይኖራል። 12 ዓመት ደም ይፈስሳት የነበረችውን ሴት እናስብ። ወንጌላውያን ፈውሷን ለዓለም ሲጽፉ ስሟን አልጻፉም፤ በሕዝብም ፊት የሆነባትን የተናገረችው ራሷ ናት። እንግዲህ ትምህርቱ ለሁሉ ነው፤ ስሙ ግን የባለቤቱ ነው፤ መናገርም የዳነው ሰው ፈንታ ነው።

ስለዚህ ካህን ብንሆን፣ ሐኪም ብንሆን፣ ታማሚ ጠያቂ ጎረቤትም ብንሆን፣ ከአልጋው አጠገብ የሰማነውንና ያየነውን ይዘን ወደ ቡና ወሬ አንውጣ። አደራ ተቀባዮች እንጂ ባለቤቶች አይደለንምና።