ስለ ልቡ ጠይቀው

ጥቁር የሚለብሱ፣ ፀጉራቸውን ዓይናቸው ላይ የሚጥሉ፣ ሐዘን የበዛበት ሙዚቃ የሚያዳምጡ ወጣቶች «ኢሞ» ይባላሉ። በ2012 እ.ኤ.አ. የኢራቅ አገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር «ሰይጣን አምላኪዎች» አላቸው። ብዙም ሳይቆይ ባግዳድ ውስጥ በአለባበሳቸው ምክንያት ወጣቶች ተገደሉ። ምላስ መንገድ ከፈተ፤ እጅ ተከተለ።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን ትንሹ አቡ ዑመይር ወፉ ሞታበት ሲያዝን ስለ ወፏ ጠየቁት። ሐዘኑን አልናቁበትም። ነቢዩላህ ያዕቁብም ዓይናቸው እስኪጠፋ አዝነዋል።

ወንድሜ፣ እህቴ! ሙዚቃውን ውደድለት አልተባልክም፤ ልጁን ግን አትጣው። ከልብሱ በፊት ስለ ልቡ ጠይቀው። ራሱን ስለ መጉዳት ካወራ ሚስጥር ብለህ አትያዝ፤ ለሚያምነው ትልቅ ሰው ንገር፣ ሐኪም ዘንድ አብረኸው ሂድ። ዛሬ በዱዓህ አስበው።

ጁሙዓ ሙባረክ!