ማወቅ እና መተዋወቅ

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ የተማረ ሰው ሁሉን ቢረሳ አንዲት ስሌት አትጠፋውም። የሕዝቡን ቁጥር ለመሬቱ ስፋት ማካፈል ነው፤ ውጤቱ የሕዝብ ጥግግት ይባላል። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ አገራችን ከ73 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ እንደነበራት ተገልጿል። ስፋቷ 1.1 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እንግዲህ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 67 ያህል ሰው ይደርሳል ማለት ነው። ተማሪው ይህን በደብተሩ ይገለብጣል፤ በፈተና ይመልሳል፤ ወደሚቀጥለው ክፍል ይዛወራል። ለመሆኑ እነዚህ 67 ሰዎች የት ነው ያሉት? እንሰት ከየጓሮው በማይጠፋበት በከምባታ ሰው ከዚህ እጅግ ይበዛል፤ በኦጋዴን ሜዳ ደግሞ እጅግ ያንሳል። አማካዩ ማንም የማይኖርበት መንደር ነው።

ይህን የምለው ስሌትን ለመንቀፍ አይደለም። ቁጥር ባይኖር ስንት ትምህርት ቤት፣ ስንት ጤና ጣቢያ፣ ስንት የውኃ ጉድጓድ እንደሚያስፈልግ ማወቅ ባልተቻለም ነበር። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ስለ አንድ ሕዝብ ማወቅና ከዚያ ሕዝብ ጋር መተዋወቅ አንድ ናቸው ወይ? አንድ ካልሆኑስ፣ ሳይተዋወቁ ስለ ሰው ማወቅ በዐዋቂው ላይ የሚያመጣው ዕዳ የለም ወይ?

ጥያቄውን ያስነሳብኝ ቁርኣን ነው። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ሑጁራት 13ኛው አንቀጽ የሰው ልጆችን ከአንድ ወንድና ከአንዲት ሴት ፈጥሮ ሕዝቦችና ነገዶች ያደረገበትን ምክንያት ይነግረናል። ምክንያቱ እርስ በርስ እንድንተዋወቅ ነው። ዐረብኛ የቀሰሙ ወንድሞችና እህቶች እንደሚያውቁት፣ እዚያ ላይ የመጣው ግስ የአንድ ወገን ሥራ አይደለም። ተዓሩፍ ሁለት ወገን ይፈልጋል። አማርኛችንም በዚህ ረገድ አያሳፍርም። «ዐወቀ» ስንል አንዱ ዐዋቂ፣ ሌላው ታዋቂ ነው። «ተዋወቀ» ስንል ግን ጠያቂው ራሱ ይጠየቃል፤ ስም የተቀበለ ስሙን ይሰጣል። አንዱ ሕዝብ የሌላው መዝጋቢ ይሁን አልተባለም።

እኔ ዘጠነኛ ክፍል ጂኦግራፊ የተማርሁት በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ ፕላዝማ በምንለው ቴሌቪዥን ነበር። የዘመኑ ተማሪዎች መቼም አይረሱትም። ትምህርቱ በሳተላይት ይመጣል። መምህሩ ከመስታወቱ ውስጥ ሆኖ በእንግሊዝኛ ይናገራል፤ ጥያቄ ይጠይቅና ጥቂት ሰከንድ ሰጥቶ «በጣም ጥሩ!» ብሎ ያልፋል። ማንም እንዳልመለሰ አያውቅም። የክፍሉ መምህር ጥግ ይዞ ቆሞ እንደ እኛው ይመለከታል። አንድ ቀን ስለ ሕዝብ አሰፋፈር ሲተረክ ዘላኖች ውኃና ሣር ፍለጋ ከቦታ ቦታ የሚንከራተቱ ሰዎች ናቸው ተባለ። እናቱ አፋር የሆነች አንድ ጓደኛችን እጁን አወጣ። እጁን ያወጣው ለመስታወቱ ነው። ወዲያው በራሱ ስቆ አወረደው። በዕረፍት ሰዓት እንደነገረን ከሆነ፣ አያቱ በየትኛው ወር በየትኛው ውኃ ዳር፣ ከየትኛው ጎሣ ጋር ተስማምታ፣ ስንት ፍየልና ስንት ግመል ይዛ እንደምትሰፍር ጠንቅቃ ታውቃለች፤ በዕድሜዋም አንድ ቀን ተንከራትታ አታውቅም።

ቃሉ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ደግሞም ዛሬ «አርብቶ አደር» የሚለው የተሻለ ስም ቦታውን ይዟል። ነገር ግን በስሌቱ የተነሳ መሬትም ሄዷል። በ1954 ዓ.ም. የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ። በነዚያ ዓመታት ከሸለቆው ላይኛው ክፍል ሸንኮራ፣ ከታችኛው ጥጥ በሰፊው ተተከለ። በካርታ ለሚያየው ሸለቆው ባዶ ይመስላል፤ ጥግግቱ ዝቅተኛ ነዋ! ይሁን እንጂ ያ የወንዝ ዳር ሣር በደረቁ ወራት ሌላው ግጦሽ ሁሉ ሲያልቅ መንጋው የሚተርፍበት የመጨረሻው መጠጊያ ነበር። በዓመት ለጥቂት ወራት ብቻ ሰው የሚሰፍርበት መሬት ባለቤት እንደሌለው ተቆጠረ። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ያ ድርቅ ሲመጣ መንጋው የሚሸሽበት ስፍራ ጠብቦ ቆየው። በዚያ ረሃብ ክፉኛ ከተጎዱት መካከል አፋሮች ይገኙበታል። እኛ ግን በክፍል ውስጥ ረሃብን የተማርነው ከጎርፍና ከመሬት መንቀጥቀጥ ጋር፣ ከተፈጥሮ አደጋዎች ተርታ ነው። ማን ወሰነ፣ ማን ተጠየቀ፣ ማን ሳይጠየቅ ቀረ የሚል ጥያቄ በፈተናው ላይ አልነበረም።

ፍትሕ ለመናገር ያህል፣ ይህን አስተሳሰብ ከራሱ ከጂኦግራፊ ትምህርት ውስጥ ሆነው የተቃወሙ አሉ። የጂኦግራፊው ሊቅ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ባሳተሙት የረሃብ ጥናታቸው፣ ገበሬውን ለረሃብ የሚያጋልጠው የሰማዩ መጨከን ብቻ ሳይሆን አቅም አሳጥቶ ያኖረው ሥርዓት መሆኑን አሳይተዋል። ሕንዳዊው አማርትያ ሴንም እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጡት መጽሐፍ፣ በወሎ ሰው በሚሞትበት ወቅት ከወሎ እህል ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይወጣ እንደነበር ጽፈዋል። ትምህርቱ ራሱ ዕውር አይደለም ማለት ነው። ዕውር የሚሆነው ሠንጠረዡን ብቻ አስጨብጦ ጥያቄውን ሲነጥቅ ነው።

ካርታ ደግሞ ምሳሌያዊ ንግግርም አለው። አፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1891 ለአውሮፓ መንግሥታት በላኩት ደብዳቤ አገራቸውን በአረማውያን ባሕር የተከበበች የክርስቲያን ደሴት አድርገው አቀረቧት። አባባሉ ከእርሳቸው በኋላም እየተደጋገመ ኖሯል። እስቲ በጂኦግራፊ ዓይን ተመልከቱት። በዚህ ምሳሌ ውስጥ የደሴቲቱ ነዋሪ ሰው ነው፤ የቀረው ውኃ ነው። ውኃን ማን ስሙን ይጠይቀዋል? ሐረር ከነጀጎሏ፣ ጅማ ከነመሻይኾቿ፣ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቤተሰብ የሚገናኙበት ወሎ፣ ሁሉም በዚያ ካርታ ላይ ማዕበል ናቸው። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አባቶቻችንና እናቶቻችን አዲስ አበባ ላይ አደባባይ ሲወጡ ካንገበገባቸው ነገር አንዱ ይኸው የአሰያየም ጉዳይ ነበር። «በኢትዮጵያ የሚኖሩ» መባሉ በቃን፣ «የኢትዮጵያ» ሙስሊሞች ነን አሉ። ለሰዋስው መምህር ልዩነቱ የ«በ» እና የ«የ» ጉዳይ ነው። ያችን አንዲት ፊደል ለተሸከመ ሰው ግን ተከራይ ወይም ባለቤት የመሆን ጉዳይ ነበር።

ውድ አንባብያን፣ እስካሁን ጣቴን የቀሰርሁት ወደ ሌላው ነው። ወደ ራሳችንም እንምጣ። የ1999ኙ ቆጠራ ሙስሊሙን ከመቶ 33.9 አድርጎታል። ቁጥሩ ልክ ነው አይደለም የሚለው ክርክር በየሻይ ቤቱ ሲካሄድ ሰምተናል፤ ተካፍለናልም። ክርክሩ የራሱ ቦታ አለው። ይሁን እንጂ «ስንት ነን?» እያለ ድምፁን ከፍ ከሚያደርገው የመርካቶ ወንድም ውስጥ «እነማን ነን?» ብሎ የጠየቀ ስንቱ ነው? ከአርጎባው፣ ከበርታው፣ ከአፋሩ፣ ከሶማሌው ጋር በአንድ ረድፍ ሶላት ይሰግድ ይሆናል፤ ካሰላመተ በኋላ ግን ስሙን አይጠይቀውም። የሚበዛውን ቁጥር ለመሙላት ይፈልገዋል እንጂ ሊተዋወቀው አይፈልግም። ያንን የፕላዝማ ድምፅ እኛም በየሰፈራችን ተክለነዋል።

አንዳንዱ ሰው እንዲህ ዓይነት ወቀሳ ሲመጣበት ወደ ቀደምት ክብራችን ይሸሻል። እርግጥ ነው፣ አል-ኢድሪሲ እ.ኤ.አ. በ1154 በሲሲሊው ንጉሥ በሮጀር ዳግማዊ ቤተ መንግሥት ደቡብን ወደ ላይ ያደረገ የዓለም ካርታ ሠርቷል። ኢብን ኸልዱንም በ14ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ዘላንና ስለ ከተሜ የጻፈው ዛሬም ይጠናል። ነገር ግን ይኸው ታላቅ ሰው እጅግ ሞቃት በሆኑት አገሮች ስለሚኖሩ ጥቁር ሕዝቦች የጻፈው ሲነበብ አንገት ያስደፋል፤ የራቁትን ሰዎች በአየር ንብረት መዝኖ ጨረሳቸው። ከነሱ ይልቅ ለጉዳያችን የሚሆነን አል-ቢሩኒ ነው። ሕንድን ያወቀው በገዝናው ሱልጣን በመሐሙድ ዘመቻ ዘመን ስለሆነ በወራሪ ጥላ ሥር ነበር ማለት ይቻላል። ሆኖም ሳንስክሪት ተማረ፤ ከአገሩ ሊቃውንት እግር ሥር ተቀመጠ፤ የማይቀበለውን እምነታቸውን እነሱ ራሳቸው በሚያውቁት መልክ ጻፈው። ያ ዘመቻ አገሩን እንዳወደመና የሕንድን ሰው ከሙስሊሙ እንዳራቀውም አልሸሸገም። ሰይፍ ባለበት ተዓሩፍ እንደሚቸግር ከሱ በላይ የመሰከረ አላውቅም።

በክፍል ውስጥ የሰው ፍልሰት በ«ገፊ» እና በ«ሳቢ» ምክንያቶች ይከፈላል። ድህነት ይገፋል፣ ደመወዝ ይስባል። በካርታው ላይ ደግሞ ፍልሰት ቀስት ነው፤ ሰው ሲበዛ ቀስቱ ይወፍራል። በኅዳር 2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዐረቢያ ፈቃድ የሌላቸውን ማባረር ስትጀምር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ተመለሱ። በካርታ ቢሣል ወፍራም ቀስት ይወጣዋል። ከዚያ ቀስት ውስጥ አንዷ ከወሎ ገጠር የሄደች ልጅ ናት። ከመሄዷ በፊት ኢስቲኻራ ሰግዳ ይሆናል። እናቷ ጥጃ ሸጣ ለደላላ ከፍላ ይሆናል። ታናሽ ወንድሟን ላስተምር ብላ ይሆናል፣ ወይም ሳትፈልገው ሊድሯት የነበረውን ሰው ሸሽታ። «ገፊ» የሚለው ቃል ይህን ሁሉ ወስዶ እንደ ድንጋይ ገፋት። ኒያ የሚባለው ነገር በቀስት አይሣልም። ብረትን ማግኔት ይስበዋል፤ ሰው ግን ያስባል፣ ይፈራል፣ ዱዓ ያደርጋል፣ ከዚያ ይነሳል። መካም ብትሆን በመጽሐፉ የሰፈራ መመዘኛ ብትፈተን ትወድቅ ነበር። ለም አፈር የለ፣ ወንዝ የለ፣ ለስላሳ አየር የለ። እናታችን ሃጀር ሕፃኗን ይዛ በዚያ ሸለቆ የቀረችው ምን ስቧት ነው?

ስለ ቀስት ካነሳን ለእኛ ከሁሉ የሚቀርበውን እንጨምር። በኢስላም ታሪክ የመጀመሪያው ሂጅራ ከመካ ወደዚህ ወደ ሐበሻ ምድር ነው። ቁረይሾች ስደተኞቹን ለማስመለስ መልእክተኞች ከነስጦታቸው ወደ ነጃሺ መላካቸውን ሁላችንም በልጅነታችን ሰምተናል። መልእክተኞቹ ስለ ስደተኞቹ በቂ መግለጫ ይዘው ነበር የመጡት። ከማን ወገን እንደሆኑ፣ ምን እንዳፈረሱ፣ ለምን እንደማይታመኑ ነገሩት። መረጃው ተሟልቷል። ንጉሡ ግን ስለ እነሱ የተነገረውን ይዞ አልፈረደም፤ እነሱን ራሳቸውን አስጠርቶ ጠየቃቸው። ጀዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብም (ረ.ዐ.) መለሰ፤ ከሱረቱ መርየምም አነበበለት። ታሪኩን ስናወሳ አብዛኛውን ጊዜ የምናወድሰው የንጉሡን ፍትሕ ነው። ፍትሑ የጀመረው ግን ከጥያቄው ነው። ከዙፋን ላይ ሆኖ ስደተኛን ራስህ ተናገር ማለት ቀላል ነገር አይደለም።

ይህ ሁሉ በአርባ ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ውስጥ እንዴት ይገባል የሚል መምህር ይኖራል። ቀላል መንገድ ያለ ይመስለኛል። ተማሪው የጥግግቱን ስሌት ከሠራ በኋላ ወደ ትምህርት ቤቱ የጥበቃ ሠራተኛ፣ ወይም በሰፈሩ እንጀራ ወደምትሸጠው እናት ይላክ። ከየት መጡ፣ ለምን መጡ፣ አገራቸው ምን ይበቅላል፣ ማንን ትተው መጡ ብሎ ይጠይቅ። አንድ ግዴታ ግን ይጨመርበት፤ እነሱም እሱን ይጠይቁት። አብዛኛው የከተማ ልጅ የአያቱን አገር ከስሙ በቀር እንደማያውቀው ያን ጊዜ ይገለጥለታል።

አፋሮች ይህን ያለ መጽሐፍ ይሠሩታል። በመንገድ ሁለት ሰዎች ሲገናኙ ዝም ብለው አይተላለፉም። ቁጭ ብለው ዳጉ ይለዋወጣሉ። የት ዘነበ፣ የትኛው ውኃ ደረቀ፣ ማን ሞተ፣ ማን ወለደ፣ በመንገዱ ላይ ምን እንግዳ ነገር ታየ፤ አንዱ ይናገራል፣ ሌላው እስኪጨርስ አድምጦ በተራው የራሱን ይነግረዋል። የሐሰት ዳጉ ያቀበለ ሰው ስሙ ይጎድፋል። ሰምቶ የራሱን ሳይሰጥ ብድግ ብሎ የሚሄድ ሰው ደግሞ በአገሩ ባለጌ ነው።

ወላሁ አዕለም።